ስም የሌለው ፊሌቶ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ነፍሰ ጡር ሴት ዓሣ ትብላ ወይስ ትተው?

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ታናሽ እህቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከወር ከሳምንት በፊት ለክትትል ሄዳ "ዓሣ ብዪ፣ ለልጁ አእምሮ ጥሩ ነው" ተብላ መጣች። ሁለት ሳምንት ቆይታ አልትራሳውንድ ለመነሳት ሌላ ክሊኒክ ገባች። እዚያ ደግሞ "ዓሣ እንዳትነኪ፣ ሜርኩሪ አለው፣ የልጁን አእምሮ ይጎዳል" አሏት። ማታውኑ ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ አንቺ የኬሚስትሪ መምህር አይደለሽ? የቱን ልስማ?"

"ነገ እነግርሻለሁ" አልኳት። ነገ ያልኩት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሦስቱን ሳምንት ስቆፍር ከርሜ፣ መልሱ ከእኔ ይልቅ ከእናንተ መምጣት እንዳለበት ስለገባኝ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ዓሣ ቤት ነው። አራት ኪሎ፣ ከምኖርበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ ልጅ ዓሣ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች። ፊት ለፊት በረዶ ላይ ቆሮሶ ተደርድሯል። ዓይኑ ገና ያበራል፣ ቅርፊቱ ላይ ውኃ አለ። "የዝዋይ ነው እህቴ፣ ሌሊት ነው የገባው" አለኝ። አምባዛውም ጎን ላይ ተጋድሟል፤ ያን ጢሙን ይዞ ማን መሆኑን መጠየቅ አያስፈልግም። ከኋላ ፍሪጅ ውስጥ ግን በፌስታል የታሰረ ፊሌቶ አለ። ነጭ፣ ቆዳ የሌለው፣ አጥንት የሌለው።

"ይሄኛውስ የምንድን ነው?"

"ዓሣ ነዋ!"

"ገባኝ፣ የምን ዓሣ?"

አየት አደረገኝ። "ፊሌቶ" አለኝ፣ ነገሩን እንደጨረሰ ሰው።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ለእሱም እንደዚያው ታስሮ ነው የሚመጣለት። ግን ይህችን ፊሌቶ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። የእህቴ ጥያቄ መልስ ግማሹ እሷ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሜርኩሪው ልምጣ። የቆዩ ሰዎች ባዜቃ ይሉታል። የድሮ ቴርሞሜትር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሰበርብን ጠረጴዛው ላይ እንደ ብር ዶቃ ይንከባለላል፣ ተማሪዎች በጣታቸው ሊያባርሩት ይሽቀዳደማሉ፣ እኔም እጮሃለሁ። ዓሣ ውስጥ ያለው ግን ያ አይደለም። ከአየርና ከአፈር ወደ ውኃ የገባ ሜርኩሪ ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይቀይሩታል። እሱን ጥቃቅን ነፍሳት ይወስዱታል፣ እነሱን ትንሽ ዓሣ ይበላቸዋል፣ ትንሹን ትልቁ ይውጠዋል። በእያንዳንዱ አፍ ላይ መጠኑ ይጠራቀማል። ስለዚህ አልጌ የሚግጥ ዓሣና ዓሣ የሚበላ ዓሣ፣ አንድ ሐይቅ ውስጥ ቢኖሩ እንኳ፣ በሜርኩሪ አይመሳሰሉም። ደግሞም የሚጣበቀው ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ነው። ቢጠበስ፣ ቢቀቀል፣ ሎሚ ቢጨመቅበት አይወጣም። ሰው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ ለመውጣት ወደ 50 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። የእንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል።

ብዙ ከሆነ አደገኛ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ጃፓን ሚናማታ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ቆሻሻውን ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ሲደፋ ኖረ፣ በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እናቶቹ ራሳቸው ብዙም ሳይታመሙ የወለዷቸው ልጆች አእምሯቸውና አካላቸው ክፉኛ ተጎድቶ ተወለዱ። ኢራቅ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 እና 72 ለዘር የመጣ፣ በሜርኩሪ መድኃኒት የታሸ ስንዴ ተፈጭቶ ዳቦ ሆነ። ከ6,000 በላይ ሰው ሆስፒታል ገባ፣ ከ450 በላይ ሞተ።

ሳይንቲስቶቹ የተጣሉት ከዚያ በታች ባለው ላይ ነው። ፋብሪካ የለም፣ የተመረዘ እህል የለም፤ እናት እንደ ወጓ ዓሣ ትበላለች። ልጁ ይጎዳል ወይ?

ሁለት የደሴት ሀገሮች ሁለት መልስ ሰጡ። በሰሜን አትላንቲክ ፋሮ ደሴቶች ላይ የዴንማርኩ ሐኪም ፊሊፕ ግራንዣን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 እና 87 የተወለዱ ሕፃናትን ከእትብታቸው ደም ጀምሮ ተከታተሉ። በ7 ዓመታቸው ሲፈትኗቸው፣ ሲወለዱ ሜርኩሪው ከፍ ያለባቸው ልጆች በቋንቋ፣ በትኩረትና በማስታወስ ዝቅ ብለው ተገኙ። ውጤቱ በ1997 ወጣ። በሌላ በኩል ሲሸልስ አለች፣ እንደኛው አፍሪካዊት ሀገር። እዚያ የአሜሪካው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ700 በላይ እናትና ልጅ ተከታተሉ። የሲሸልስ እናቶች በሳምንት በአማካይ 12 ጊዜ ዓሣ ይበሉ ነበር። አስቡት፣ እኛ በዓመት 12 ጊዜ ከበላን ዓሣ ወዳድ እንባላለን! የእናቶቹ ፀጉር ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ከፋሮዎቹ ይበልጥ ነበር። ልጆቹ ላይ ግን ጉዳት አልተገኘም።

እኔን ያስደነቀኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሁለቱም ጎራ የራሱን ይዞ ዓመታት ተከራከረ። የፋሮ ሰዎች ሜርኩሪውን በብዛት የሚያገኙት ከዓሣ ሳይሆን ከፓይለት ዓሣ ነባሪ ሥጋ ነው፣ በዚያ ላይ ከስቡ ፒሲቢ የሚባል ሌላ ኬሚካል ይበላሉ፣ ስለዚህ ዓሣ ለሚበላ ሰው ማስረጃ አይሆኑም ተባለ። የሲሸልስ ፈተናዎች ደግሞ ረቂቅ ጉዳትን ለመያዝ ስል አይደሉም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ወደ ፋሮ አደላ። በ2003 የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ ሁለቱንም ጥናት አንድ ላይ ይዞ ሰው ሊወስድ የሚችለውን የሜርኩሪ ወሰን አወጣ። ለዚህ ነው የአሜሪካና የኮሚቴው ወሰን እስከ ዛሬ የማይገጥመው።

ሲሸልስ ግን አንድ ጥያቄ ጥላ ነበር። ዓሣው ራሱ የሚጠቅም ከሆነስ? ዓሣ ሜርኩሪ ብቻ ይዞ አይመጣም። ኦሜጋ 3 የሚባለውን ጠቃሚ ስብ፣ አዮዲን፣ ሴሊኒየም፣ ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። ጥቅሙ ጉዳቱን ሸፍኖት ቢሆንስ? ራሳቸው የሲሸልሶቹ ተመራማሪዎች በሌላ ዙር 229 ልጆችን ሲያጠኑ የእናትየዋን ኦሜጋ 3 በሒሳቡ ውስጥ አስገቡ። በ30 ወራቸው ላይ፣ ቀድሞ ያልታየው የሜርኩሪ ጉዳት ብቅ አለ። ፋሮዎቹም ሒሳባቸውን እንደዚያው ሲያርሙ የሜርኩሪው ጉዳት ከበፊቱ ከፍ ብሎ ታያቸው። የተጣሉት ሁለት ጎራዎች መሐል መንገድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ዓሣው ይጠቅማል፣ ሜርኩሪው ይጎዳል፣ ሁለቱም በአንድ ሳህን ይቀርባሉ።

ከሁሉ የገባኝ ግን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ135 እናቶችና ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ትንሽ ጥናት ነው። ብዙ ዓሣ የበሉ እናቶች ልጆች በ6 ወራቸው በፈተና የተሻሉ ሆኑ። ሜርኩሪያቸው ከፍ ያለ እናቶች ልጆች ደግሞ ዝቅ አሉ። ከሁሉም የበለጡት፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ዓሣ የበሉ፣ ግን ሜርኩሪያቸው ዝቅተኛ የሆነ እናቶች ልጆች ናቸው። ማለትም ብዙ ዓሣ፣ ሜርኩሪው ትንሽ ከሆነው ዓይነት።

እንግሊዝ ውስጥም ከ11,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ይዞ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አለ። በሳምንት ከ340 ግራም በታች የባሕር ምግብ የበሉ እናቶች ልጆች በቋንቋ ነክ የአእምሮ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኙ። ፍርሃትም ዋጋ አለው ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ይህን በራሳቸው አይተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ለነፍሰ ጡሮች ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ፣ ሴቶቹ ትልልቆቹን አዳኝ ዓሦች ብቻ ሳይሆን ዓሣ መብላቱን ራሱን ቀነሱ። ስለዚህ ምክሩን ደጋግመው አረሙት። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሰንጠረዥ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ብሉ ይልና ዓሦቹን በስም ይለያል። ሻርክና ሰይፍ ዓሣ ተዉ ከሚለው ረድፍ ናቸው። ቆሮሶና አምባዛ ከምርጦቹ ረድፍ ናቸው።

እህቴን "እንዳትነኪ" ያሏት ሰዎች የደረሳቸው የ2001ዱ ወሬ ይመስለኛል። እርማቱ አልደረሳቸውም። ከአትላንቲክ ማዶ ሻርክ ለሚበሉ ሰዎች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፣ ሻርክን በፊልም ብቻ ለምታውቅ የአራት ኪሎ ልጅ ተላለፈ።

ሒሳቡን ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ሰሌዳ ላይ ሠራነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ ኮሚቴ ወሰን ለአንድ ኪሎ ክብደት በሳምንት 1.6 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) ነው፤ ለእሷ 96 ማይክሮግራም ይመጣል። የአሜሪካው ወሰን ጠበቅ ይላል፣ በሳምንት 42 ማይክሮግራም። አሜሪካ ገበያ ላይ የተለካ ቆሮሶ በአማካይ በኪሎ 13 ማይክሮግራም ሜርኩሪ አለው። እንግዲህ በጠበቀው ወሰን እንኳ ብትሄድ በሳምንት ከ3 ኪሎ በላይ፣ በላላው ደግሞ ከ7 ኪሎ በላይ ትበላለች። አንዱ ተማሪዬ ከኋላ "ቲቸር፣ ለሰባት ኪሎው መጀመሪያ ደሞዝ ይጨመርላት" አለ። ክፍሉ ሳቀ። ልክ ነው ልጁ።

አሁን ቁጥሩን ቀይሩት። በኪሎ 500 ማይክሮግራም ያለው ዓሣ እንበል፤ ብዙ ሀገሮች ለአብዛኛው ዓሣ የመጨረሻ ወሰን ያደረጉት ይህን ነው። በላላው ወሰን 192 ግራም ላይ ታቆማለች። በጠበቀው 84 ግራም ላይ። 84 ግራም ማለት ከአንድ ኮተሌት የማይበልጥ ነው፣ ለሳምንቱ በሙሉ። ሁለቱም ግን ሜኑው ላይ "ዓሣ" ተብለው ነው የሚጻፉት።

"ያ የባሕር ዓሣ ነው፣ እኛ የለንም" ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ልተወው ነበር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ደረስኩ። የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በዚያ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ለክተው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አሳትመዋል። ቆሮሶው ዝቅተኛ ነው። አምባዛው፣ ዓሣ የሚበላ ሆኖ ሳለ፣ ከተጠበቀው በታች ሆኖ ተገኘ። ባርበስ የሚባለው ዓሣ ግን፣ በተለይ አድጎ ሌላ ዓሣ መብላት የጀመረው፣ ከፍ ይላል፤ ከትልልቆቹ ውስጥ ያንን የ500 ማይክሮግራም ወሰን ያለፉ አሉ። በአንድ ሐይቅ፣ በአንድ መረብ፣ በአንድ ጀልባ የወጡ ዓሦች ናቸው።

አሁን ወደ ፊሌቶዋ ተመለስን። ቆዳው ተገፎ፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ በፌስታል ታስሮ አራት ኪሎ ሲደርስ ማን ይለየዋል? ቆሮሶ ሊሆን ይችላል፣ ባርበስ ሊሆን ይችላል፣ ከጫሞ የመጣ ናይል ፐርች ሊሆን ይችላል፤ እሱም ትልቅ ሆኖ ዓሣ እየበላ የሚኖር ነው። ለአብዛኞቻችን ልዩነቱ የጣዕም ነው። እኔ ለራሴ ለብለቡ ጥሩ እስከሆነ ድረስ ስሙን አልጠይቅም። እህቴ ግን መጠየቅ አለባት፣ ጠይቃም መልስ የለም።

ስለ ጾሙም አንድ ነገር ልበል። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፣ እኔ የማውቀው ሁዳዴ ሲገባ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ምሳ ቤቱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ እንደሚሸት ነው። ነፍሰ ጡር ሆነው እርግዝናቸውን ግድ ሳይሰጡት የሚጾሙ ሴቶችም ብዙ ናቸው። እናታችን እኛን ስታረግዝ ጾማለች፣ እህቴም ልጹም ማለቷ አይቀርም። ለእንደዚህች ሴት በዚያ ሁለት ወር ከእንስሳ የሚገኘው ምግብ ዓሣ ብቻ ነው። "እንዳትነኪ" ሲሏት የሚቀርላት ሽሮና ምስር ነው። ሽሮን አልነካም፣ የነፍሴ ምግብ ነው፣ ግን ቫይታሚን ቢ12 የለውም፣ ዓሣ ውስጥ ያለው ዓይነት ኦሜጋ 3ም የለውም። እንደ ሀገርም ብናየው እኛ በነፍስ ወከፍ በዓመት አንድ ኪሎ እንኳ የማንበላ ሰዎች ነን፣ ዓለም በአማካይ ወደ 20 ኪሎ ሲበላ። እዚህ ሀገር ዓሣ አብዝተው ከተጎዱ እናቶች ይልቅ ሳያገኙት የቀሩት በእጅጉ ይበዛሉ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። አንዲት ገጽ ወረቀት አውጡልን። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሌሎቹም ቋንቋዎች፣ እያንዳንዱ የእርግዝና ክትትል ክፍል ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ። የአሜሪካኑን ሰንጠረዥ ተርጉማችሁ እንዳትለጥፉት ግን አደራ። እዚያ ላይ ያለውን ግማሹን ዓሣ እኛ ሀገር አይቶት የሚያውቅ የለም፣ እኛ የምንበላው ባርበስ ደግሞ እዚያ የለም። የእኛን ዓሦች በእኛ ስም ጥሩ፤ ቆሮሶ ብሉ በሉን፣ ባርበስ ትልቁን ተዉ ካላችሁ ተዉ በሉን። ክትትል የሚያደርጉት ነርሶችና አዋላጆችም ያቺኑ ወረቀት ይዘው ያውሩ። እህቴ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ሃይማኖት የተሰበከችው በነርሶቹ ጥፋት አይደለም፣ የሚይዙት ነገር ስለሌለ ነው።

ወረቀቷን ለመጻፍ መለካት ያስፈልጋል። የሐዋሳው ጥናት ዕድሜው እየገፋ ነው። ዝዋይ፣ ጫሞ፣ ቆቃና ጣና ላይ በየጥቂት ዓመቱ ዓሣ በዓይነትና በመጠን እየተለየ ይለካ፣ ውጤቱም ዶሴ ውስጥ ሳይቀር እኛም እንየው። ወርቅ በባህላዊ መንገድ በሚወጣባቸው ወንዞች ተፋሰስ ያሉትን ዓሦች ደግሞ አስቀድሙልን። በዓለም ላይ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ ትልቁን ድርሻ የያዘው ያ ሥራ ነው።

ፊሌቶዋም ስም ይኑራት። ሥጋ ቤት ገብቼ "የምን ሥጋ ነው?" ብዬ "ሥጋ ነዋ" ብባል ጎረቤት ይሰበሰባል። ፌስታሉ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍበት፣ የዓሣው ዓይነትና የወጣበት ሐይቅ። የሱፐርማርኬቱ የታሸገ ቱናም እንደዚሁ። አልባኮር የሚባለው ዓይነት ላይት ከሚባለው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሜርኩሪ አለው፣ ጣሳው ላይ ግን ከባሕሩ ሥዕል በቀር የሚነበብ ነገር ለማግኘት መነጽር ያስፈልጋል።

በዚህ አጋጣሚ፣ ሜርኩሪ ያሳሰበው ሰው ፊት ማቅያ ክሬሞችንም ይመርምር። ሜርኩሪ የተቀላቀለባቸው እንዳሉ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው፣ ሜርኩሪን ለመቆጣጠር ሀገሮች የፈረሙት የሚናማታ ስምምነትም አግዷቸዋል። ዓሣዋን ፈርታ ትታ ማታ ማታ ክሬም የምትቀባ ነፍሰ ጡር አውቃለሁ። ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

እህቴን ለጊዜው እንዲህ ብያታለሁ፦ "ከነጭንቅላቱ ያየሽውን ቆሮሶ በሳምንት ሁለቴ ብዪ፣ በደንብ ይብሰል፣ ስም የሌለውን ተዪው።" ቅዳሜ ዕለት አብረን ወርደን ሁለት ገዛን። ልጁ እየፋቀ "ፊሌቶ ላድርግልሽ?" ሲላት "አይ፣ እንዳለ!" አለችው። ከነጭንቅላቱ እስኪጠቀለልላት ድረስም ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

የምትወልደው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ወረቀቷ ለእሷ ባትደርስ ለሚቀጥለው ልጇ ትድረስልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት፣ አራት ኪሎ

ግልባጭ፦ ለአራት ኪሎው ዓሣ ሻጭ